የጥቁር ገደል ገለል በሉ ባይ

አያ ይታገሱን የማያውቅ ፎቶ አንሺ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም አይገኝም። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬደው የጥቁር ገደል ፏፏቴ በቀን መቁጠሪያ፣ በሠርግ አልበምና በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው በእሳቸው ጉልበት ነው። የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚያወርዱት፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚያዳልጥ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ሥራ ነበራቸው። ከፏፏቴው ሥር ልብስ የሚያጥብ ወይም ከብት የሚያጠጣ ሰው ካለ ዱላቸውን ከፍ አድርገው "ገለል በሉ!" ይላሉ። ፎቶ አንሺ ሰው የሌለበት ፏፏቴ ነው የሚፈልገው።

ሥራውን የጀመሩት ከሀያ ዓመት በፊት ነው አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለካሜራ መንገድ እንዲያሳዩት ይዟቸው ወረደ፤ ታች ሲደርሱ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። "እስቲ እነዚያን ገለል ያድርጉልኝ" አላቸው። እሳቸው ያኔ ከአባታቸው ያገኙት መሬት አንድ ጥማድ የማይሞላ፣ በቀበሌ ስብሰባም ቢናገሩ የሚሰማቸው ያልነበረ ሰው ናቸው። "ገለል በሉ" አሉ። ሴቶቹ ተነሡ። ሰው ሲታዘዝላቸው በዕድሜያቸው ያን ቀን የመጀመሪያው እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ስማቸውን ትቶ "ገለል በሉ ባዩ" ይላቸው ጀመር። እኔም ከስማቸው በፊት የሰማሁት ይኼንኑ ነው።

እኔ ያምሮት እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ፎቶ የማተምና የማስተካከል ሥራ እሠራለሁ። የአካባቢው ፎቶ አንሺዎች ፋይላቸውን ይዘው የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው። ፊት አጠራለሁ፣ ብጉር አጠፋለሁ፣ ሙሽሮቹ ከሚዜው ጋር ከተጣሉ ሚዜውን ከፎቶው አውጥቼ ቦታውን ሰማይ አደርግበታለሁ። ራሴን ላመስግንና፣ ማጥፋት ላይ እጄ ወርቅ ነው። ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም፤ ደንበኛ ወሬ ሲያበዛብኝ ፊቴ ቶሎ ይቀያየራል።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ገና ሱቁን ጠርጌ ሳልጨርስ፣ አያ ይታገሱ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። "ይግቡ እንጂ" አልኳቸው። ገብተው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ሌላ ሰው ቢመጣ ቦታ ለመልቀቅ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር።

"ሀብትነሽ አንቺ ዘንድ አለች ብለውኝ ነው የመጣሁ" አሉ።

"የቷ ሀብትነሽ?"

"ባለቤቴ።"

ቤት ተሳስተው የገቡ መስሎኝ ልመልሳቸው ስል፣ ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የቀበሌ መታወቂያ ነው። ወረቀቱ ተጨማዷል፣ ቀለሙ ፈሷል፣ ፎቶ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል።

ነገሩን የሰማሁት በቁርጥራጭ ነው፤ እሳቸው ብዙ አይናገሩም። ሀብትነሽ ልብስ አጣቢ ነበረች። የመምህራኑን፣ የቄሱን፣ የሠርገኛውን ልብስ ከፏፏቴው ሥር ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ታጥብ ነበር። የሰው ኪስ ሳትፈትሽ ልብስ ነክራ የማታውቅ ሴት፣ አንድ ቀን የራሷን ቀሚስ ከነመታወቂያው ዘፈዘፈችው። "ለፋሲካ ሌላ እነሣለሁ" ብላ ሳቀች። ለፋሲካ ታመመች፤ በግንቦት ሞተች። አሁን ሙት ዓመቷ ሊደርስ ሁለት ወር አልቀረውም፣ ዳስ ውስጥ የሚቆምላት ፎቶ የለም።

"ፎቶው ለሰዉ ብቻ አይዶለም" አሉ ዱላቸውን እያዩ። "ፊቷ እየጠፋኝ ነው። ድምጿ አለ፤ ስትጣራ እሰማታለሁ። አረማመዷም አለ። ፊቷ ግን ጠዋት ስነቃ አለ፣ ከብቶቹን አውጥቼ ስመለስ የለም። ልጅ ቢሰጠን ኖሮ እሱ ላይ አያት ነበር። አልሰጠንም።"

"እግዜር ያጽናዎት" አልኩና "ታዲያ ፎቶዋ እኔ ዘንድ እንዴት ይገኛል ብለው ነው?" አልኳቸው።

"ሀያ ዓመት ሙሉ ፏፏቴውን ሲያነሡት እሷ እዚያ ድንጋይ ላይ ነበረች። ያነሡትን የሚያሳጥቡ ደግሞ አንቺ ዘንድ ነው አሉኝ። ካንዱ ላይ ሳትኖር አትቀርም።"

ነገሩ ትክክል ነው። ችግሩ ከኔ ጀርባ፣ ግድግዳውን ሞልቶ የተሰቀለው ባነር ነበር። የጥቁር ገደል ፏፏቴ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ሰፊው ድንጋይ ባዶ። ድንጋዩን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ ሦስት ሴቶች አጥፍቼበታለሁ። ከሁሉም ያስቸገረችኝ ቀይ ሳፋ የያዘችው ናት፤ እሷን ካጠፋሁ በኋላ ጥላዋ ውሃው ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም አጠፋሁት። ከዚያ አዲሱን በአሮጌው ፋይል ላይ አስቀመጥኩት፣ ኮምፒዩተሩ እንዳይሞላብኝ ብዬ።

"እስቲ እንፈልጋት" ብዬ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ወዲያው ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ፈራሁ።

መጀመሪያ የናሁሰናይን ፎቶዎች አወጣሁ። ናሁሰናይ የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ለአንድ ፎቶ ሁለት ቀን ይቆያል። ደመናው ፀሐዩን እስኪሸፍንለት ይጠብቃል፣ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ያስራል፣ ፊቱ ላይ ጥቁር መስታወት ይገጥምለታል፤ ከዚያ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ እስከ ሠላሳ ተቆጥሮ እስኪያልቅ እንዲያይ ይተወዋል። ውሃው እንደ ባዘቶ ሆኖ ይወጣል። ሰዉ ይወድለታል፤ እኔ ግን ፏፏቴው አፉን የታፈነ ይመስለኛል።

"ውሃው እንዲህ ተኝቶ አያውቅም" አሉ አያ ይታገሱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው። ቀጥለውም "አንድ ቀን ሴቶቹ አንነሣም አሉ" አሉኝ። "የሠርገኛ ልብስ ይዘው፣ ሰዓቱም መሽቶባቸው። ዱላዬን ሳነሣ ናሁሰናይ 'ይተዋቸው አያ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አይወጣም' አለኝ። እሷም ነበረች።"

ያንን ፎቶ ያገኘነው እንዲደርቁ በተሰጡት ልብሶች ነው። ሣሩ ላይ የተዘረጋው ልብስ አንድ በአንድ ይታያል። ድንጋዩ ላይ ሰው የለም። አተኩሮ ላየው ብቻ ስስ ጉም የመሰለ ነገር አለበት።

"ይኸ የመምህር ውዳሴ ሸሚዝ ነው" አሉ በጣታቸው እያሳዩ። "ይኸ የቄሱ ቀሚስ። ይኸን አንሶላ አላውቀውም።" ጣታቸው ዞሮ ዞሮ ድንጋዩ ላይ ደረሰ። "ይኸ ጉምስ ምንድነው?"

"ሰዎቹ ናቸው አያ። ስለተንቀሳቀሱ ነው እንዲህ የሆኑት።"

"እሷ የቷ ናት?"

እኔ አላወቅሁም። እሳቸውም አላወቁም። ጉሙን በጣታቸው ተከትለው "እጇ አያርፍም ነበር" አሉ። "ጥቂት አርፋ ቢሆን ትወጣ ነበር ማለት ነው?"

"አዎ" አልኳቸው። ሌላ የሚባል ነገር ቢኖር እሱን እል ነበር።

ቀጥሎ የመልካሙን ከፈትኩ። መልካሙ የኛው የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ ከናሁሰናይ ጋር ሰማይና ምድር ናቸው። ናሁሰናይ አንድ ፎቶ እስኪያነሣ መልካሙ ሦስት መቶ አንሥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ቤቱ ይገባል። ድሮን ከገዛ በኋላማ ቁልቁለቱን መውረድም ተወ፤ አፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይለቀዋል። ያኔ የድሮን ድምፅ እንደዛሬው ሰው አያስበረግግም ነበር። ከላይ ሲታይ ፏፏቴው መቀነት ያህላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ስበው ነጫጭ ነጥቦች ሆነዋል። ከአንዷ አጠገብ ቀይ ነጥብ አለ።

"ሳፋዋ ነው" አሉ አያ ይታገሱ። "ሰው ከላይ ሲያዩት ይኸን ያህል ነው?"

"ከላይ እንግዲህ እንዲህ ነው።"

"እግዜር በምን ይለየን ይሆን" አሉ። እንደ ቀልድ ነበር ያሉት፤ ማናችንም ግን አልሳቅንም።

መልካሙ ከላይ ያነሣውን ሁሉ አሳየኋቸውና እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ። እሳቸው አልተነሡም። "መልካሙ ታች ወርዶ ያነሣውም አለ" አሉ። "ድሮኑን ሳይገዛ በፊት። ገለል ላድርጋቸው ስለው 'ይተዋቸው፣ ያምሮት በኮምፒዩተር ታወጣቸዋለች' አለኝ። ካሜራው ፊት ለፊቷ ነበር። ቀና ብላም አይታዋለች። እሱን ነው የምፈልግ።"

ያምሮት እኔ መሆኔን ልብ አላሉም ይሆናል። ልብ ብለውም በጨዋ ደንብ አልፈውት ሊሆን ይችላል፤ እስካሁን አላውቅም። ወንበሬን አዞርኩና ባነሩን አሳየኋቸው።

"ያ ፎቶ ይኼ ነው" አልኩ። "ሦስቱንም አጥፍቻቸዋለሁ። አሮጌውንም አላስቀረሁትም። መልካሙም ካርዱን እኔ ዘንድ ገልብጦ ባዶ ያደርገዋል፤ ሌላ ቅጂ የለም።"

ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ባነሩ ከሳቸው ቁመት ይበልጣል። ከፊቱ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እዚህ ነበረች?"

"እዚህ ነበሩ። ከቀኙ።"

ጣታቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉት። እኔ ደንበኛ ፊት አላለቅስም፤ ያን ቀን አለቀስኩ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ያንቺ አንድ ቀን ነው" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። "የኔ ሀያ ዓመት።"

ተመልሰው ተቀመጡና ያን ቀን ከተናገሩት ሁሉ የረዘመውን ተናገሩ። ሌሎቹ ሴቶች ይሰድቧቸው ነበር። "ፏፏቴው ያባትህ ርስት ነው?" ይሏቸዋል፤ ሳሙናቸውን እየተንቀረፈፉ ይሰበስባሉ፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሡም። ሀብትነሽ ግን ዱላው ከፍ ሲል ከሁሉም ቀድማ ትነሣለች። "እንግዳ ፊት እንዳላፍር ነው" አሉ። "እሷ ከተነሣች ሌሎቹም ይነሣሉ። ቤት ስንገባም ነገሩን አንሥታብኝ አታውቅም። ካንዱም ፎቶ ላይ የሌለች ለዚህ ነው። ቀድማ ስለምትነሣ።"

ሁለት ዓመት ሆኖታል መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ወደ ጥቁር ገደል የሚወርድ ባለካሜራ ጠፍቷል። አያ ይታገሱን "ገለል አድርጉልኝ" የሚል የለም። ድንጋዩ ላይም እሷ የለችም። ከዚያ ድንጋይ እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ እንዴት እንደሚረዝምባቸው አሰብኩ።

ጋሽ አብዱረህማን ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። የቡሬው የሠርግ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ አንድ የማውቅላቸው ልማድ አለ። ሙሽሮቹ ቁልቁለቱን እየተንገዳገዱ እስኪወርዱ እሳቸው ቀድመው ይደርሱና ለብርሃኑ መለኪያ አንድ ፎቶ ያነሣሉ። ማንም ይኑርበት፣ ያገኙትን። ያንን ፎቶ ለማንም አያሳዩም፣ ወደኔም አያመጡትም፤ ግን አያጠፉትም። አንድ ጊዜ ለምን እንደማያጠፉት ብጠይቃቸው "ምን በድሎኝ?" ብለውኛል።

"ይነሡ፣ ቡሬ እንሂድ" አልኩ። የምርቃት ባነር የሚጠብቁ ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር። "ነገ" ብያቸው ቆለፍኩ። የሚያኮርፍ ያኩርፍ።

በማንኩሳ ከተማ በኩል በሚኒባስ ሄድን። አያ ይታገሱ በየፌርማታው ሰው በገባ ቁጥር ወደ ጥግ ይጠጋሉ። ቡሬ ስንደርስ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ነበር።

የጋሽ አብዱረህማን ፎቶ ቤት ገበያው አጠገብ ነው። ከፊልም ዘመን ጀምሮ እዚያው ናቸው። የመጣንበትን ሳንጨርስላቸው ስለሙያ ማውራት ጀመሩ፤ ያምርባቸዋል።

"ሰው የሌለበት ፏፏቴ ምን ያደርጋል?" አሉ። "ቁመቱስ በምን ይለካል? ሰው አቁምበት፣ ያኔ ትልቅነቱ ይታወቃል። ናሁሰናይ ጥበበኛ ነው፤ የሱ ግን ውሃ ሳይሆን ጥጥ ነው። መልካሙ ደግሞ እንደ አሞራ ከላይ ያያል እንጂ አያነሣም።"

አያ ይታገሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለቱ እኩዮች ናቸው። "ያንተም ሰው ሙሽራ ብቻ ነው አብዱረህማን" አሉ። "አጣቢ አይዶለም።"

ጋሽ አብዱረህማን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። "እውነትህን ነው ይታገሱ" አሉና ከመሳቢያቸው ሃርድ ዲስካቸውን አወጡ።

እያንዳንዱ ሠርግ በሙሽራይቱ ስም ተቀምጧል። የየሠርጉን የመጀመሪያ ፎቶ ብቻ እያየን አለፍን። አንዱ ላይ አህያ ውሃ ትጠጣለች። አንዱ ጨለማ ነው፤ የካሜራውን ክዳን ረስተውታል። አንዱ ላይ ሁለት ሴቶች አሉ፤ እሷ የለችም። አራት፣ አምስት ሠርግ ባዶ ድንጋይ። አያ ይታገሱ በየፎቶው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ይመልሳሉ። መሐል ላይ መብራት ጠፋ።

ጋሽ አብዱረህማን ለዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ። እኛ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን።

"ቤት ማን አለ?" አልኳቸው፤ መልሱን እያወቅሁ።

"ማንም። ከብቶቹ አሉ።" ቀጥለውም "ሳፋዋ በር ላይ ነው ያለ" አሉ። "ባለፈው ክረምት ዝናብ በመጣ ቁጥር ይሞላል። እደፋዋለሁ፤ ደግሞ ይሞላል።"

"አግብተው ቤት ውስጥ አያስቀምጡትም?"

"እሷ ከዚያ ነው የምታኖረው።"

መብራቱ ሲመጣ ጋሽ አብዱረህማንም ተመለሱ። ሦስት ሠርግ አለፍን። አራተኛው የዛሬ ሦስት ዓመት የጥር ሠርግ ነበር። ፎቶው ሲከፈት አያ ይታገሱ አንገታቸውን አላሰገጉም።

"ይች ናት" አሉ።

እውነትም ናት። ከፎቶው ቀኝ፣ ከድንጋዩ ላይ ተነሥታ መንገድ ጀምራለች። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች፣ ቀዩ ሳፋ ወገቧ ላይ ነው። ፊቷን ወደ ኋላ መልሳ የሆነ ነገር እየተናገረች ነው፤ ቅንድቧ ከፍ ብሏል፣ የፊት ጥርሶቿ መሐል ያለው ክፍተት ሳይቀር ይታያል። ያጠፋሁት ፊት እንዲህ ያለ እንደነበር ረስቼው ነበር፤ ወይም ያኔም አላየሁትም። ከፎቶው ግራ ጠርዝ ደግሞ አንድ ክንድ ገብቷል። ቡናማ ኮት፣ ከፍ ያለ ዱላ። ክንዱ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ከፎቶው ውጪ ቀርቷል። ያንን ኮት ያን ቀንም ለብሰውት ነበር።

"ምን እያሉዎት ነው?" አልኳቸው በቀስታ።

"'ምሳህ ከድንጋዩ ሥር ነው፣ እንዳትረሳው' ነው የምትለኝ" አሉ። "ድፎ ነበር።"

ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። ጋሽ አብዱረህማን ብድግ ብለው ደጅ ወጡና ለመንገደኛ ሰላምታ መስጠት ጀመሩ፤ እኔ ግን የት እንደምገባ አጣሁ።

ፍኖተ ሰላም የተመለስነው በዚያው ቀን ነው፤ እርስዎ ቡሬ ይደሩ ብላቸው እምቢ አሉ። ፎቶውን ኮምፒዩተሬ ላይ ስከፍት ለመካስ ቸኩዬ ነበር። ለሙት ዓመት ዳስ የሚቆም ፎቶ ላይ፣ ሟችን በዱላ የሚያባርር የባሏ ክንድ እንዴት ይታያል? አገሩ ምን ይላል? ለኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

"አያ፣ ክንዱን ላጥፋልዎት?" አልኳቸው። "ማንም አያውቅም። እንዳልነበረ አደርገዋለሁ።"

ፎቶውን አዩ። ባነሩን አዩ። እንደገና ፎቶውን አዩ።

"ክንዱን ካጠፋሽው ማንን እንደምታይ በምን ይታወቃል?" አሉ። "ደግሞም ሁለታችን ያለንበት ይኸ ብቻ ነው።"

እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ። ሲቆይ ግን ሥራ ሥራ ነውና፣ "ፊታቸው ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ከሆነ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አይገባም" አልኳቸው። "የሆነ ነገር መቁረጥ አለብኝ።"

"ፏፏቴውን ቁረጪው" አሉ።

ቆረጥኩት። ናሁሰናይ ሁለት ቀን የሚጠብቅለትን፣ መልካሙ ድሮን የገዛለትን ውሃ ከላይ እስከ ታች ቆርጬ ጣልኩት፤ እሷንና ክንዱን አቀራረብኳቸው፤ ከመሐላቸው አንድ ስንዝር የምታህል ነጭ ብቻ ቀረች።

በግንቦት ለሙት ዓመቷ ሄድኩ። ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል። ፎቶው ከፊት ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ አያ ይታገሱ ከሥሩ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከሷ ጋር ያጥቡ የነበሩት ሴቶች እየመጡ ያዩታል፣ "ራሷ፣ ራሷ" እያሉ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ዓይናቸው ወደ ግራ ይሄድና ግራ ይጋባሉ።

"ይኸ ክንድ የማን ነው?" ብላ ጠየቀች አንዷ።

"የኔ ነው" አሉ አያ ይታገሱ። "ገለል በይ ስላት ነው።"

ከኋላዋ ሌላ መጣች፤ እሷም ጠየቀች። ለሷም እንደዚያው መለሱላት። እስኪመሽ ድረስ ለጠየቀ ሁሉ አንድ በአንድ እንደዚያው መለሱ።